ከወንዛዬ እስከ ደብረ ታቦር፦ በሳጥን የተቀመጠ ታሪክ



ታሪካዊ ቦታ እንጎብኝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጎንደርን ግንብ፣ የአክሱምን ሐውልት፣ የሐረርን ጀጎል ነው። እነዚህን ማየት መልካም ነው። ነገር ግን በየሰፈራችን ካሉት አሮጌ ቤቶች ውስጥ ምን እንዳለ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ይህ ጽሑፍ በ2011 ዓ.ም መስከረም ሊያልቅ ሲል ሁለት ቤተሰብ ሆነን፣ ልጆቻችንን ይዘን በደቡብ ጎንደር ያደረግነውን አጭር ጉዞ የሚያስታውስ ነው።

በፍል ውሃው ዳር

ከባሕር ዳር ተነሥተን መጀመሪያ ያረፍነው ወንዛዬ ነበር። የወንዛዬ ፍል ውሃ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቅ ሲሆን ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳውን የታመመ፣ ወገቡ አልታዘዝ ያለው ሁሉ ሽፍኑንና ስንቁን ይዞ ይመጣና ቀናት ይቀመጥበታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ተራውን ይጠብቃል። ሥራ የለም፤ ያለው ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንዛዬ ስለ አገሩ ታሪክ ለመስማት ከብዙ ቦታ ይሻላል።

ወደ ደብረ ታቦር እንደምንሄድ የሰሙ አንድ አረጋዊ፣ «ድንጋዩን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ሰው ቤት ግቡ። ወሬው ያለው ሰው ቤት ነው» አሉን። በከተማው ያሉ አንድ ዘመዳቸው ወደሚኖሩበት ሰፈር የሚያደርሰንን ምልክትም ነገሩን። ይህ ምክር ባይኖር ኖሮ ጉዟችን ጎዶሎ ይሆን ነበር።

በማግሥቱ በወረታ አድርገን ዳገቱን ያዝነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ይህ መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው። ዓለም በርን አልፈን ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ፣ አደይ አበባው እየደመቀ ሄደ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። ከበስተጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራ ይታያል። በወንዛዬ በኩል የሚያልፈው ጉማራ የሚነሣውም ከዚሁ ከጉና ነው።

የራስ አሊ ከተማ

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት የየጁው ራስ ጉግሣ ናቸው ይባላል። ከእርሳቸው በኋላ ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ራስ አሊ በተከታታይ በእንደራሴነት ሲገዙ ከተማይቱ የሥልጣን ማእከል ሆነች። ነገሥታቱ በጎንደር በስም ብቻ ሲቀመጡ አገር የሚታዘዘው ከዚህ ነበር። በ1834 ዓ.ም ራስ አሊና ደጃዝማች ውቤ የተዋጉት በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። ደጃዝማች ውቤ ድል ካደረጉ በኋላ ድላቸውን ሲያከብሩ ተማርከው ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ራስ አሊ ግን በ1845 ዓ.ም በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ። ካሣም በ1847 ዓ.ም አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ይህን ለልጆቹ ስንተርክላቸው አንዱ፣ «አሊ? ሙስሊም ነበሩ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በጥንቃቄ መሰጠት አለበት። የየጁ መሳፍንት ከሙስሊም ቤተሰብ የመጡ ናቸው። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነንም የወሎው ኢማም ሊበን አመዴ ልጅ ነበሩ። ይሁን እንጂ ሥልጣን ሲይዙ ክርስትናን ተቀብለዋል። ባላንጣዎቻቸው ግን «እስላሞች ናቸው» እያሉ ይከሷቸው ነበር። ስለሆነም የየጁን ዘመን የሙስሊሞች አገዛዝ ማለት ስሕተት ነው፤ የሙስሊሙን ቤተሰብ ከዚህ ታሪክ ጨርሶ ማውጣትም ስሕተት ነው። የራስን ድርሻ መፈለግ ያልነበረውን መጨመር አይደለም።

ከራስ አሊ ዘመን ዛሬ በዐይን የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ከተማይቱ ተቃጥላለችና።

ጋፋት ላይ የቀረበ ጥያቄ

ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው መድፍ ያስቀልጡ የነበረው እዚህ ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ በ1859 ዓ.ም ከዚህ ወጣ። ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ፣ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ቦታው ጸጥ ያለ ነው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ «እዚህ ነበር» እያለ በጣቱ አሳየን። ከመካከላችን የ11 ዓመቷ ልጅ ዙሪያውን ቃኝታ፣ «መድፉን የሠሩት የፈረንጆቹ ስም አለ። የጎተቱት ሰዎች ስምስ? ደግሞ እኛ ያን ጊዜ የት ነበርን?» አለች።

ትልልቆቹ ተያየን። የጋፋቱን ኑሮ ብዙ የምናውቀው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ ሰዎች ያዩትን ስለ ጻፉ ነው። የጻፈ ስሙ ተረፈ፤ ያልጻፈ በሺህ ቢቆጠርም ተረሳ። «እኛስ የት ነበርን?» ለሚለው ግን ጋፋት ላይ ቆመን የምንሰጣት መልስ አላገኘንም።

በሐጂ ቤት

ከዐሱር ሶላት በኋላ የወንዛዬው አረጋዊ ባመለከቱን መሠረት ሐጂን ፈልገን አገኘናቸው። ቤታቸው በባሕር ዛፍ ማገር የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮው የዛገ ነው። ከውጭ ለሚያየው ምንም የለበትም። ሐጂ ቡና አስፈልተው፣ ልጆቹን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ከአልጋቸው ሥር አንድ አሮጌ ሳጥን አወጡ።

በመጀመሪያ የወጣው ቁርኣን የተቀራበት ሉህ ነው። እንጨቱ በመታጠብ ብዛት መካከሉ ሰርጉዷል። ቀጥሎ ሦስት ጠገራ ብር፣ ከዚያም ከምድጃ በላይ ተሰቅላ ኖራ ጢስ ያጠቆራት አንዲት አሞሌ ጨው ወጣች። «አባቶቻችን ርስት አልነበራቸውም» አሉ ሐጂ። «መሬት ስላልተሰጣቸው በሸማኔነትና በንግድ ኖሩ። ከደሪጣና ከይፋግ ገበያ ጨውና ቡና እየጫኑ ይነግዱ ነበር።» ደሪጣ በጣና አቅራቢያ የነበረች የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ናት። ይፋግም በ19ኛው ምእተ ዓመት ከጎጃም ወደ ምጽዋ በሚወስደው የነጋድራስ መንገድ ላይ የታወቀ ገበያ ነበር።

በመጨረሻ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በቆዳ የተደጎሰ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣን ወጣ። በመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾች ላይ በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ አጫጭር ማስታወሻዎች አሉ። የልጅ ልደት፣ የአባት ሞት፣ የአንበጣ ዓመት፣ ያልተከፈለ ዕዳ። ሐጂ አንዷን መስመር በጣታቸው ይዘው፣ «ይህቺ ከቤታችን የወጣንባት ዓመት ናት» አሉ።

በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሞች በ3 ዓመት ውስጥ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘው ነበር። እምቢ ያለው ብዙ ሰው ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደደ። የሐጂ ቅድመ አያትም ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ። «ሳጥኑንስ ይዘውት ሄዱ?» ብለን ጠየቅን። ሐጂ ፈገግ ብለው፣ «የለም። ጎረቤታችን ክርስቲያኑ ጎተራው ውስጥ ደበቀልን። ሲመለሱ እንዳለ አስረከባቸው። ልጆቹ ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው» አሉ።

ልጅቷ ወደ ጆሯችን ጠጋ ብላ፣ «እዚህ ነበርን» አለች።

ሐጂ ግን አልጨረሱም። «ሁለት ነበሩ» አሉ። «ሌላው ኪታብ በ77ቱ ድርቅ ለአንድ መንገደኛ ተሸጠ። በገንዘቡ እህል ገዛሁ፤ ልጆቼን አበላሁበት። በዚህ አልጸጸትም። አላህም ያውቀዋል። ነገር ግን ውስጡ የአባቴ ስም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

እኛ ምን እናድርግ?

ቅዱስ ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ የቀደሙት ፍጻሜያቸው ምን እንደ ሆነ እንድናስተውል በተደጋጋሚ ይመክረናል። ለማስተዋል ግን የሚታይ ነገር መኖር አለበት። እንደ ሐጂ ያለ ሳጥን በየቤቱ ሳይኖር አይቀርም። የሚከተሉት ነገሮች ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው፦

አንደኛ፣ ጠይቁ። አያቶቻችሁ ሳሉ ከየት እንደ መጡ፣ ምን ይነግዱ እንደ ነበር፣ ማን እንዳስቀራቸው በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ቀኑንም ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ጠብቁ። ኪታብ በላስቲክ አይጠቀለልም፤ እርጥበት ይይዝበታል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ካለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ ምስጥና አይጥ እንዳይደርስበትም በየጊዜው ይታይ። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አይለጠፍ። የዕቃውን ታሪክ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ እንጂ በራሱ ላይ አትጻፉ።

ሦስተኛ፣ አስመዝግቡ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። ባለ ይዞታው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ማስመዝገብ መነጠቅ አይደለም።

አንድ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ የሐረሩን አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍን ማስታወስ ይበቃል። በገዛ ቤታቸው የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትን እየሰበሰቡ፣ የተጎዱ ኪታቦችን መጠገንና መደጎስን ራሳቸው ተምረው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርሶችን አተረፉ። ስብስቡ በኋላ የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚታወቀው ታሪካዊ ቤት ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ ሙዚየም ሆነ። መነሻው አንድ ቤትና የአንድ ሰው ጥረት ነበር።

ከጉዟችን በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2013 ዓ.ም ጦርነት ተነሣ፤ የነጋሽ አል-ነጃሺ መስጊድ ተጎዳ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ የከባድ መሣሪያ ድብደባ ደብረ ታቦር ድረስ ደረሰ። ከዚያም ወዲህ አካባቢው መልሶ ሰላም አጥቷል። እንደዚያ ጊዜ ልጆችን ይዞ መዞር ዛሬ ቀላል አይደለም። የሐጂ ሳጥን የት እንዳለ ባሰብን ቁጥር ልባችን ይፈራል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ሩቅ መሄድ ባይቻል እንኳ ጉዞውን ከቤታችሁ ጀምሩ። ዛሬ ማታ አያታችሁ ዘንድ ቁጭ በሉና «ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችን «እኛ የት ነበርን?» ብለው ሲጠይቁን የምናሳያቸው እንዳናጣ።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድ፤ አረጋውያኖቻችንንም በጤና ያቆይልን። አሚን።