ወደ መካነ ሰላም ለሚሄድ፥ ከመካነ ሰላምም ለሚወጣ

አንባቢ ሆይ፥ የምደባ ደብዳቤ እጅህ ገብቶ የከተማውን ስም ካርታ ላይ የምትፈልግ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ሆንህ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። ፓስፖርት አውጥተህ ባሕር ማዶ ለመሻገር ቀን የምትቈጥር ብትሆንም አትለፈው፤ ያንተም ጉዳይ በውስጡ አለበት።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ያለች የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ቦረና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኬንያ ድንበር ያለውን የግመል አገር ነው። የመምህርነት ሥራ አግኝቼ ከአዲስ አበባ ስነሣ አክስቴ ሙቀቱን ፈርታልኝ ስስ ሸሚዝ ገዝታ ሰጠችኝ። ሸሚዙ እስከ ዛሬ ከነማሸጊያው ተቀምጧል። የዚህኛው ቦረና ሰው ባና የሚደርብ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፥ ጧት ተማሪዎቼ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው እስክሪብቶ እስኪይዙ ድረስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሩቡ ያልቃል።

መንገዱ ከደሴ ወደ ምዕራብ ነው። ጉጉፍቱ ላይ ስትደርስ ጉሙ የአውቶቡሱን መስኮት ይሸፍነውና ተሳፋሪው ሁሉ እስከ አፍንጫው ይከናነባል። አቅስታን ካለፍህ በኋላ ደጋው ሜዳ መስሎህ ስትሄድ ድንገት ይቆረጥና ገደል ይሆናል፤ ወንዞቹ መሬቱን እየሸረሸሩ ቁልቁል ወደ ዓባይ ነው የሚወርዱት፥ ከዓባይ ማዶም ጎጃም ነው። በደህናው ጊዜ ከደሴ የአንድ ቀን ጉዞ ነበረ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገዱን ደጋግሞ ስለ ዘጋው፥ አስቀድሞ መናኸሪያ ጠይቆ መነሣት ነው።

አገሩ ከትምህርት የራቀ እንዳይመስልህ። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የኖሩት ታላቁ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የሚጠሩበት ጋስጫ በዚሁ በቦረና ምድር ነው። «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጻፉ ሰው ናቸው። ዛሬም መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ግቢ ስላለው ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች በመንገዱ ላይ ይታያሉ። ደንቆሮ የሚባለው ጫካም እዚሁ ነው፤ ስሙ አያስቅህ፥ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ብርቅ ደን ነው። ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ ይጻፋል። አሁን ወደ ኑሮው እንግባ።

አዲስ አበባ ሰላምታ ሳይቆሙ የሚጣል ነገር ነው። እዚህ ሰው ይቆማል። ስላንተ፥ ስለ ቤትህ፥ ስለ አገርህ፥ ስለ ዝናቡ ይጠይቅሃል፤ አንተም በተራህ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ሳትጠይቅ ብትሄድ ነገር ያለብህ ትመስላለህ። ለአክብሮት የሚነገረውም «አንቱ» ነው። ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚያንስ ተማሪ «አንቱ፥ ይግቡ እንጂ» ሲለኝ ያረጀሁ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ለካስ ማዕረጉ የጠመኔው ነው።

የተከራየሁት ከአንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ነው። እማማ እላቸዋለሁ፥ እርሳቸው ግን ከጠመኔው ይልቅ ዕድሜዬን አይተው «አንተ ልጄ» ይሉኛል። ቡናቸው አቦል፥ ቶና፥ በረካ ነው፤ ከበረካው በፊት መነሣት ምርቃቱን ረግጦ መሄድ ስለ ሆነ «ሥራ አለብኝ» ማለት አያድንህም። እኔ የፈተና ወረቀት ይዤ መቀመጥን ልማድ አድርጌዋለሁ፤ እማማ ዱዓ ሲያደርጉ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጬ አሜን እላለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በወሩ መጨረሻ ግን የትኛው ተማሪ ለምን እንደ ቀረ፥ የማን አባት እንደ ታመመ፥ ማን ልትዳር እንደ ሆነ የሰማሁት ከዚያው ከቡናው ነው፤ ከስም መጥሪያው አይደለም።

የሥጋ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ ይኖራሉ፥ በአንድ ዘር ውስጥም ሁለቱ ይገኛሉ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው ግን አይበላም። ስለዚህ ሠርግ ሲደገስ ለሁለቱም በየሃይማኖቱ ይታረዳል፥ ወጡም ለየብቻ ይሠራል። ጠላ የጠመቀ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዳው ቅሪቦ ያዘጋጃል። እማማ በዒድ ዕለት አንድ ዶሮ እግሩን አስረው በሕይወቱ ወደ ቤቴ ላኩልኝ፤ «እናንተው እረዱት» ብለው። በአንድ ወቅት ከሌላ ከተማ የመጣ ባልደረባችን «እኔ ልዩነት አላውቅም፥ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ለእርሱ ካልተዘጋጀው ድስት ይወጣልኝ አለ። ሥልጣኔ መስሎት ነበር። ባለቤቲቱ እጃቸው ጭልፋው ላይ ደርቆ ቀረ፤ ለእርሱ ብለው ከጎረቤት ክርስቲያን ቤት አሠርተው ያስመጡት ወጥ ተከድኖ ተቀምጦ ነበርና። የዚህ አገር ሰው የሚኮራው ሕጉን እንድትተውለት በማድረግ አይደለም፤ ያንተን ሕግ አንተ ሳትጠይቀው ጠብቆልህ በመገኘቱ ነው።

ይህን ሁሉ በጥቂት ወራት ትለምደዋለህ። ብርዱን፥ የገብሱን እንጀራ፥ የመብራቱን መጥፋት ከመልመድ አይበልጥም። ሰው ሆነህ የምትቈጠረው ግን ቅሬ ስትገባ ነው።

ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ነው። የመንደሩ ሰው በሃይማኖት ሳይለይ ይገባበታል፤ ሰው ሲሞት ሁሉም ይጠራል፥ ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፥ ሴቶቹ የሐዘንተኛውን ቤት ምግብ ይይዛሉ፥ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። የቅሬው ዳኛ ስሜን ሲመዘግቡ ስለ ደመወዜም ስለ ዲግሪዬም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚህ ብትሞት ለማን እንላካለን?» አሉ። የመሥሪያ ቤት ቅጽ ብዙ ሞልቻለሁ፥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የአባቴን ስም፥ የሰፈሬንና የአክስቴን ስልክ ጻፉ።

አሁን ወደ ባሕር ማዶው ነገር እመጣለሁ።

የእማማ ታላቋ ልጅ በ18 ዓመቷ ወደ ሪያድ ሄዳ አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። የተመለሰችው ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተመለሱት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ጋር ነው። እዚህ ስመጣ የመጀመሪያ መምህሬ እርሷ ሆነች። «መምህሩ፥ ሁለት ሳምንት አፍህን ያዝና ዓይንህን ክፈት፤ ማን ቀድሞ እንደሚታጠብ፥ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ እይ። እኔ እንደዚያ ነው የቻልሁት» አለችኝ። ምክሯ ከማንኛውም የሥራ መግቢያ ሥልጠና ይበልጥ ጠቅሞኛል።

የራሷን የመጀመሪያ ቀን እየሳቀች ነው የምታወራው። የሪያድ ፀሐይና የእኛ ፀሐይ አንድ ሰዓት ነው፤ አቈጣጠሩ ግን በስድስት ይለያል። እመቤቲቱ በጣቷ አምስት አሳይታ «ተነሺ» ስትላት እርሷ እንደ አገሯ ረፋድ አምስት ሰዓት መሰላትና ደስ ብሏት ተኛች። ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት በሩ ሲደበደብ ቤት የተቃጠለ መስሏት ባዶ እግሯን ወጣች። ሩዙን ለመደችው፥ ጥቁሩን ዓባያ ለመደችው፥ ሙቀቱንና ከቤት ውስጥ ያለውን የማሽን ብርድ እያፈራረቀች ለመደችው። «ሥራው አይደለም የከበደኝ» ትላለች፤ «ሥራ እዚህም አለ። ቡና ብቻዬን መጠጣቴ ነው።» ስትመለስም ሌላ ስደት ሆነባት፤ አቦሉን ቶሎ ጠጥታ ስለምትነሣ ጎረቤቱ «ዓረብ ሆናለች» እያለ አማት።

ባለፈው ዓመት ከመንደራችን ሄዳ የነበረች አንዲት ልጅ በዚያው አገር ሞተች ተብሎ በስልክ መርዶ መጣ። አስከሬኗም እዚያው ተቀበረ። ቅሬው ተጠራ። ወንዶቹ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደ ልማዳቸው ዶማና አካፋ ይዘው መጡ፤ የሚቆፈር ግን አልነበረም። አንድ በአንድ መሣሪያቸውን ከአጥሩ ጋር እያስደገፉ ገብተው ተቀመጡ። ከስልክ ላይ የታተመ ፎቶግራፏ ግድግዳው ላይ ነበረ። ከዱዓው በኋላ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ልጅቱ ራሷ በቅሬው አልተመዘገበችም የሚል ነገር አንሥቶ ነበር፤ ዳኛው «እናትዋ ስትከፍል የኖረችው ለማን ነው?» ብለው ዘጉት።

ማታ ቡናው ላይ የእማማ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና፥ «አምስት ዓመት በኖርሁበት ቤት የአባቴን ስም የሚያውቅ አልነበረም» አለች።

እኔ የተማሪዎቼን መሄድ አልወድም። ይሁን እንጂ እኔም ደመወዝ ፍለጋ ከአገሬ ወጥቼ የመጣሁ ስለ ሆንሁ፥ የእማማ ቤት የተከደነበት ቆርቆሮም በልጅቱ ገንዘብ የተገዛ ስለ ሆነ፥ በክፍል ውስጥ ቆሜ «አትሂዱ» ብዬ ብሰብክ ማንም አይሰማኝም። መንግሥትም ሞክሮታል፤ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የሠራተኛውን ጉዞ አገደ፥ ያን ጊዜ ያልቆመው ሰው በበረሃና በጀልባ ሄደ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቶ፥ ሲወጣ ሂያጁ 18 ዓመት የሞላውና ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንዲሆን ደነገገ፤ እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። ለሂያጆች የሚሰጠው ሥልጠና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀምና ጥቂት የዓረብኛ ቃላት ያስተምራል። መልካም ነው። ነገር ግን ማሽን በሦስት ቀን ይለመዳል፤ ቈጣሪ በሌለበት አገር መኖርን ማን ያስተምራል?

በእኛ ግቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእማማ ልጅ ታስተምራለች። ቦርድ የላትም፥ የቡናዋ ረከቦት ነው ያለው። አራት አምስት ልጆች ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ የእኔው ተማሪዎች ናቸው። ሰዓቱን በስድስት ማዞር ታለማምዳቸዋለች፥ ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ እንደ ሆነና በማን እጅ መቆየት እንዳለበት ትነግራቸዋለች። ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ቁጥር በቃላቸው ታስይዛቸዋለች፤ አንዱ የፓስፖርታቸው ቁጥር፥ አንዱ የጎረቤት ስልክ። የቤታቸውን አይደለም፤ የቤት ሰው ካርዱ ያልቅበታል፥ ቁጥሩንም ይለውጣል። የቅሬውን ዳኛ ስልክ ነው የምታስይዛቸው። ፓስፖርትም ስልክም ከእጅ ሊወሰድ ይችላል፤ በቃል የተያዘ አይወሰድም ትላቸዋለች። አንዷ ከተሳሳተች ሌሎቹ ቡናውን ይዘው ይጠብቋታል፥ ደግማ እስክትወጣው ድረስ በረካ አይቀዳም።

በሰኔው ፈተና የአንዲት ተማሪዬን የፊዚክስ ወረቀት ሳርም ጀርባው ላይ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ተጽፈው አገኘሁ። ከጥያቄዎቹ ጋር ዝምድና አልነበራቸውም። ሁለተኛውን አወቅሁት፤ የእኔም አክስት የያዘችው ስልክ ነው።