ስለ ሌክሲንግተን ቀይ ጎመን

መንገደኛ ወደ ሰው አገር በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ሕንፃውንና መንገዱን ነው። የአገሩ ሰው ጠባይ ግን ከሁሉ ይልቅ በገበታ ላይ ይገለጣል። ስለዚህ በአሜሪካ፥ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፥ በሌክሲንግተን ከተማ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

ሌክሲንግተን የዴቪድሰን አውራጃ መቀመጫ ናት። ስሟም የታወቀው ባርቤኪው በሚሉት ጥብስ ነው፤ ይኸውም በሂከሪ እንጨት ፍም ላይ ብዙ ሰዓት በዝግታ የበሰለ የአሳማ ወርች ነው። አጀማመሩ ከዳኝነት ጋራ የተያያዘ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ሲድ ዊቨር የተባለ ሰው በፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ድንኳን ተክሎ፥ ችሎት በሚውልበት ሰሞን ከገጠር ለሚመጣው ባለጉዳይ ጥብስ ይሸጥ ጀመር። ጄስ ስዊስጉድ የተባለውም ሌላ ድንኳን ተከለ። በኋላ ድንኳኖቹ ቀርተው ምሳ ቤቶች ተተኩ፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮም በየዓመቱ በኦክቶበር ወር የባርቤኪው በዓል ይከበራል።

ሥጋው ስሙን ቢወስድም፥ እኛን ያስደነቀን አብሮት የሚቀርበው ጎመን ነው። በብዙው የአሜሪካ አገር የተከተፈ ጥቅል ጎመን የሚለወሰው ከእንቁላልና ከዘይት በተመታ ነጭ ማዮኔዝ ነው። በሌክሲንግተን ግን ማዮኔዝ አይገባበትም። ለሥጋው የተዘጋጀው ኮምጣጤ፥ የቲማቲም ስልስ፥ ስኳር፥ ጨውና በርበሬ ለጎመኑም ይሆናል፤ መልኩ የቀላውም ስለዚህ ነው። ሥጋው ሲያሰለች ኮምጣጣው ስቡን ያቀልላል፤ ጥሬው ጎመንም ለለስላሳው ሥጋ ማኘኪያ ይሆነዋል። እንግዲህ ጎመኑ የገበታው ጌጥ ሳይሆን የምግቡ እኩሌታ ነው።

እኛ የገባንበት ዕለት ዓርብ ነበረ፤ ሥጋውም የአሳማ ነው። በሁለት ወገን የተከለከልን ስለሆንን፥ የቤቱን እመቤት እንዳናስቀይም ፈራን። የቀረበለትን ገበታ የሚመልስ እንግዳ የሚሰማውን ኀፍረት ያየ ያውቀዋል። ነገሩን በገለጥንላቸው ጊዜ ግን እመቤቲቱ አልተቀየሙም። ጎመኑ እንቁላልም ወተትም እንደሌለበት ነግረውን፥ ሥጋ ባልነካው ሳሕን ሞልተው ከድንች ጋራ አቀረቡልን፤ እስክንቀምሰውም ድረስ ቆመው ጠበቁ። ሁሉ ሰው ሥጋውን ሲያመሰግን፥ ጎመኑን የሚያመሰግን እንግዳ በማግኘታቸው ፊታቸው በራ።

ለቤት እመቤቶች አሠራሩን እንነግራለን። አንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን አድቅቆ መክተፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ የቲማቲም ስልስ፥ ከዚህ ጥቂት ያነሰ ኮምጣጤ፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፥ ጨው፥ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት የደቀቀ ቀይ በርበሬ አዋሕዶ በጎመኑ ላይ ማፍሰስ ነው። ወዲያው አይበላም፤ ጎመኑ መረቁን እስኪጠጣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል። በፍስክ ቀን ከበግ ወርች ጥብስ ጋራ፥ በጾም ቀን ብቻውን ይቀርባል።

ከሩቅ አገር ያመጣነው ይህን ነው። የቤቱ ክብር በሠንጋው ብዛት ብቻ አይለካም፤ ሥጋ የማይበላው እንግዳ ጠግቦና ሳያፍር ከተነሣበት ገበታ የሚበልጥ ክብር የለም።