ከጣና ዳር፦ የተረፉት ስድስት ቃላት

ባሕር ዳር፣ ማለዳ። የነገደ ወይጦ ሰዎች ያጨዱትን ደንገል ፀሐይ ላይ ዘርግተዋል፤ የደረቀውን እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። የመጣሁት ስለ ጠፋው ቋንቋቸው ልጠይቅ ነው።

«አባባ፣ የድሮ ሰዎች የሚነጋገሩበት ሌላ ቋንቋ ነበር ይባላል?» አልኳቸው ሸምገል ያሉትን።

«እኛስ በአማርኛ ነው ያደግነው፣ ልጄ» አሉኝ፤ እጃቸው ከሥራው ሳይነቀል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ በዚህ ሲያልፍ፣ ወይጦዎች ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ ጨርሶ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች አስጠርቶ ጠየቃቸው። ትሰቀላላችሁ ተብሎ ቢዛትባቸውም አልመለሱለትም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሞት እየተዛተበት ቋንቋውን የሚያስተምር ማን አለ?

እ.ኤ.አ. በ1907 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክ ስለ እነርሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ሲመጣ አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ዘፈነለት። ዘፋኙ ራሱ ከጥቂት የጉማሬ ብልቶች ስም በቀር የሚዘፍነው አይገባውም ነበር። ዘፈኑም ሳይመዘገብ ቀረ።

ግሪዮል የለቀማቸውን ቃላት የቋንቋ ሊቁ ማርሴል ኮኸን መርምሮ በ1939 አሳተመ። ብዙዎቹ ለባዕድ እንዳይገቡ ድምፃቸው ወይም ትርጉማቸው የተጣመመ አማርኛ ናቸው፤ ከእስልምና ጋር የገቡ የዐረብኛ ቃላትም አሉ። ምንጫቸው ያልታወቀ ስድስት ብቻ ተረፉ፦ የዓሣ ቅርፊት ሽልክሪት፣ ክንፍ ቅንታት፣ ትንኝ ችግምቢት፣ ትከሻ አኔሳ፣ የጉማሬ ጭን እንክዬስ፣ የጉማሬ አከርካሪ ዋዝምስ። በስድስት ቃል ኩሻዊ ነው፣ ሴማዊ ነው ብሎ መበየን አይቻልም፤ ቋንቋው ሳይመደብ የቀረውም ለዚህ ነው።

ከስድስቱ ሁለቱ የጉማሬ መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ወይጦዎች ጉማሬ አድነው ብልት ሲያወጡ፣ ሥጋ ሲከፋፈሉ የሚጠሩ ስሞች ናቸው። ጎረቤት ጉማሬ ትበላላችሁ እያለ ሲጸየፋቸው የኖረበት ያው ሥራ ቃላቱን አቆያቸው። አደኑ ሲቀር ቃላቱም ጠፉ፤ አንትሮፖሎጂስቱ ፍሬደሪክ ጋምስት በ1965 እንደጻፈው ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ እንኳ አንድም የጥንት ቃል አላገኘም።

ዛሬ ደግሞ ደንገሉ እየሳሳ ነው፤ የታንኳ ሙያም አብሮት። በባሕር ዳር ቋንቋ የምታጠኑ ወጣቶች፣ ወደ ዳርቻው ውረዱ። ታንኳ ሲታሰር ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን የሥራ ስም ከአፋቸው ጻፉ። ስትጠይቁም በአክብሮት ጠይቁ።