ለፈተና መብቃት በምን ይታወቃል?

በንግድ አስተዳደር የማስትሬት ትምህርት ለመቀጠል የሚያስቡ ወጣቶች፣ አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ፣ ከሚያቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ አዘውትሮ የሚመላለሰው፣ ጂማት ለተባለው የመግቢያ ፈተና መብቃቴን በምን አውቃለሁ የሚለው ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ መጻሕፍቱን ገዝቶ፣ ከእንቅልፉ ቀንሶ፣ ወራት ሙሉ ያጠና ነው፤ ነገር ግን የሚፈተንበትን ቀን ለመቁረጥ በተነሣ ቁጥር ልቡ ወደ ኋላ ይልበታል። ስለዚህ ከእኔ የሚፈልገው የሒሳብ ማብራሪያ ሳይሆን፣ በቃህ፣ ሂድና ተፈተን የሚል ቃል ነው። ይህን ቃል ከእኔም ሆነ ከሌላ ሰው አፍ መጠበቅ የማይገባው ስለ ምን እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ከየት ሊያገኘው እንደሚችል፣ ዛሬ በሰፊው ልጽፍ ወደድሁ።

በአገራችን የቅኔ ጉባኤ ቤት ይህ ፍርድ ለተማሪው የተተወ አልነበረም። ደቀ መዝሙሩ ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የቈጠረውን ጉባኤ ቃና ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ መምህሩም ሰምተው የጐደለውን ይሞላሉ፣ የተጣመመውን ያቀናሉ፤ እንዲህም እየሆነ ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ሲወጣ፣ ወደሚቀጥለው የሚያሻግረው የመምህሩ ምስክርነት ነው እንጂ የተማሪው የራሱ ግምት አይደለም። የዛሬው ተፈታኝ ግን ከቀን ሥራው ሲመለስ ከኮምፒዩተሩ ፊት ብቻውን የሚቀመጥ፣ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ዳኛውም ራሱ የሆነ ሰው ነው። ሰው ደግሞ በራሱ ላይ ሲፈርድ ሚዛኑ አይቀናለትም፤ አንዱ ትምክሕት ይዞት ሳይበቃ ይቸኩላል፣ ሌላው ፍርሃት ይዞት በቅቶ ሳለ ይዘገያል። እኔ ካየኋቸው መካከል የሚበዛው ይህ ሁለተኛው ነው፤ አብልጦ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው፤ የቸኰለውን ፈተናው ራሱ ሲያስተምረው፣ የዘገየው ግን ከፈተናው ጋር ስለማይገናኝ የሚነግረው የለውምና።

ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1953 ዘጠኝ የአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች ማኅበር አቋቁመው፣ አመልካቾችን በአንድ ሚዛን የሚመዝኑበት የጋራ ፈተና እንዲኖር ካሰቡ በኋላ፣ በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠ ነው። በየጊዜው መልኩ ሲለወጥ ኖሮ፣ ዛሬ የሚሰጠው በ2023 መጨረሻ የተጀመረው ነው፤ እርሱም በሒሳብ 21፣ በቋንቋ 23፣ በመረጃ ትንተና 20፣ በጠቅላላው 64 ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 45 ደቂቃ፣ ለሁሉም ሁለት ሰዓት ከሩብ ተወስኖለታል። በድሮው ፈተና የነበሩት የድርሰት ክፍል፣ የጂኦሜትሪ ጥያቄዎችና የሰዋስው እርማት ዛሬ የሉም። ይህን የምጠቅሰው፣ ከታላቅ ወንድማቸው ወይም ከአክስታቸው ልጅ በተሰጣቸው አሮጌ መጽሐፍ፣ የሦስት ማዕዘንና የክበብ ሕግ ሲሸመድዱ የሚከርሙ ትጉሃን ስለማውቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የፈተናው ጠባይ ነው። ጥያቄዎቹ ለሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው የታተሙ አይደሉም፤ ኮምፒዩተሩ የተፈታኙን አመላለስ እየተከተለ፣ ሲመልስ ያከብድበታል፣ ሲስት ያቀልለታል። እንግዲህ የሚችለው ሰው ችሎታው እስከሚደርስበት ድንበር እየተገፋ ስለሚሄድ፣ ደካማውም ብርቱውም ከአዳራሹ ሲወጡ ከበደኝ ይላሉ። ስለዚህ፣ ጥያቄው ሁሉ ቀልሎ የሚታየኝ ቀን ሲደርስ ያን ጊዜ እቀመጣለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ በፈተናው ሥርዓት ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ ቀን ይጠብቃል ማለት ነው። የልብ መረጋጋት መልካም ነገር ነው፤ ለመብቃት ምስክር ሆኖ ግን ሊቆም አይችልም።

አንድ የማውቀው ወጣት በአዲስ አበባ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል የሚሠራ ነው። ከሥራ ሲወጣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ ጥያቄ ይሠራል፤ ማታም መብራት ሲጠፋ በስልኩ ባትሪ ብርሃን ይቀጥላል፤ የሠራቸውም ጥያቄዎች ከሺህ የሚበልጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሙሉ ተቀምጦ፣ ሰዓት ይዞ፣ አንድ ሞዴል ፈተና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠርቶ አያውቅም ነበር። ለምን ሲባል፣ ገና ፕሮባቢሊቲ አልጨረስሁም፣ ይህንን ምዕራፍ ልድገመው፣ ሞዴሉን ካሁኑ ብሠራው ይባክንብኛል ይላል። ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም ሐሰት አይደሉም፤ ሁሉም በአንድነት ሲታዩ ግን የሚያገለግሉት አንድ ጌታ ነው፤ እርሱም ፍርሃት ነው። ፍርሃት ስንፍናን ብቻ የሚወልድ ይመስለናል፤ ትጉህን ሰው ግን በትጋቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይይዘዋል፣ ወራቱንም ዓመቱንም ይበላበታል።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ ልምጣ። በፈተናው የመረጃ ትንተና ክፍል ውስጥ፣ የማስረጃን መብቃት የሚጠይቁ ልዩ ጥያቄዎች አሉ። እነዚህ ጥያቄዎች መልሱን ፈልገህ አግኝ አይሉም፤ አንድ ጥያቄና ሁለት ማስረጃዎች አቅርበው፣ ማስረጃዎቹ ለመልስ ይበቃሉን ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። ለምሳሌ፣ ሀ ሙሉ ቁጥር ቢሆን፣ ሀ ጎዶሎ ነውን ተብሎ ይጠየቅ። የመጀመሪያው ማስረጃ፣ ሀ ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል ይላል፤ ሁለተኛው፣ የሀ እጥፍ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል ይላል። የመጀመሪያው ብቻውን አይበቃም፤ 3ም 6ም ለ3 ይካፈላሉና። ሁለተኛው ግን ብቻውን ይበቃል፤ እጥፉ ለ4 ከተካፈለ ሀ የግድ ተጋማሽ ቁጥር ይሆናል፤ እንግዲህ ጎዶሎ ነውን ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይደለም የሚል፣ የማያወላውል ቃል ነው። ጀማሪው ተፈታኝ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ አሉታ ስለሆነ ማስረጃው አልበቃም ብሎ ያልፋል። ማስረጃ በቃ የሚባለው ግን አዎንታን ሲሰጥ ብቻ አይደለም፤ አዎንታ ይሁን አሉታ፣ ጥርጥር የሌለበት መልስ ከሰጠ በቅቷል።

እኔ የምለውም ይህንኑ ነው። ለፈተናው በቅቻለሁን ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህን ለመመለስ የሚበቃ ማስረጃ በእጄ አለን ብሎ ነው። የባንኩ ወጣት ሺህ ጥያቄ ሠርቶ ሳለ ማስረጃ አልነበረውም፤ ጥያቄን ተራ በተራ፣ ያለ ሰዓት፣ መልሱን ከኋላ እያዩ መሥራት ስለ ዕውቀት ጥቂት ይነግር ይሆናል እንጂ፣ በሁለት ደቂቃ ገደማ መወሰን ስለሚጠይቀው ፈተና ምንም አይናገርምና። ገና አልበቃህም የሚለውን መልስ የሚሰጥ ማስረጃ ቢያገኝ ኖሮ ግን፣ ስንት ይቀረኛል፣ የቱ ይቀረኛል የሚለውን ያውቅ ነበር፤ ጥናቱም መጨረሻ ይኖረው ነበር።

ማስረጃውን የሚሰጠው ደግሞ ከባለቤቱ የወጣው ሞዴል ፈተና ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት ከሞዴሎቹ ሁለቱን በነጻ ይሰጣል፤ ሌሎቹ በክፍያ ናቸው፤ ጥያቄዎቹም ከእውነተኛው ፈተና የመጡ፣ ውጤቱም በዚያው ሥርዓት የሚሰላ ነው። እነዚህን በጥቂቱ እየቈነጠሩ ማባከን፣ ወይም በወንበር ላይ ተጋድሞ፣ በመካከሉ ስልክ እያነሡና ቡና እየጠጡ መሥራት፣ ምስክርን ጠርቶ ቃሉን አለመስማት ነው። አንደኛውን ጥናቱ ሲጀመር፣ ሌላውን ጥናቱ ሲበስል፣ የሚፈተኑት ጠዋት ከሆነ ጠዋት፣ በሩን ዘግቶ፣ በሒሳቡ ክፍል ካልኩሌተር ሳይነኩ፣ የተፈቀደችውን የዐሥር ደቂቃ ዕረፍት ብቻ አርፎ መሥራት ይገባል። አንድ ሞዴል ብቻውን ሊያታልል ይችላል፤ መልካም ቀን አለ፣ ክፉ ቀን አለ፤ በተለያዩ ሳምንታት የተሠሩ ሁለትና ሦስት ውጤቶች ተቀራርበው ሲገኙ ግን የዚያ ሰው ልክ እርሱ ነው ለማለት ይቻላል።

ከውጤቱ ቁጥር ሌላ፣ የስሕተቱ ዓይነትም ይናገራል። በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ በሆስፒታል የሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት እኅት፣ የሳተቻቸውን ጥያቄዎች የምትመዘግብበትን ደብተር አሳይታኛለች። ገጹ በእርሳስ በሦስት ረድፍ የተከፈለ ነው፤ በመጀመሪያው የጥያቄው ዓይነት፣ በሁለተኛው የሳተችበት ምክንያት፣ በሦስተኛው ደግሞ ዳግመኛ ብታገኘው ምን እንደምታደርግ ተጽፏል። በፊተኞቹ ገጾች የምክንያቱ ረድፍ፣ ይህን አላውቀውም፣ ቀመሩ ጠፋኝ በሚሉ ቃላት የተሞላ ነበር። በኋለኞቹ ገጾች ግን እነዚህ ቃላት ቀርተው፣ ሁለተኛውን ማስረጃ ብቻውን መመርመር ሲገባኝ ከመጀመሪያው ጋር አቀላቅዬ መረመርሁ፣ ወይም እልህ ይዞኝ በአንድ ጥያቄ አራት ደቂቃ ቆየሁ የሚሉ ሆነዋል። ይህን የመሰለ ለውጥ በግልጽ ሲታይ፣ የዕውቀቱ ሥራ አልቆ የቀረው የፍርድና የልማድ ሥራ ነው ማለት ነው፤ ይህም የሚስተካከለው ሌላ መጽሐፍ በመጨመር አይደለም። በተለይም አንድን ጥያቄ ትቶ ማለፍን የተማረ ተፈታኝ፣ ሁሉን ለመመለስ ከሚታገለው ይልቅ ለፈተናው የቀረበ ነው፤ ጊዜ አልቆበት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ከቀሩ ቅጣቱ ይከብዳልና።

ልክ ካልሁ፣ ልኩ ከምን ጋር እንደሚመዘን መናገር ይገባኛል። በቤተሰብም በወዳጅም ዘንድ 700 የሚባለው ቁጥር ታላቅ ግርማ አለው፤ ይህ ግን የድሮው መለኪያ ነው። አዲሱ ከ205 እስከ 805 የሚደርስ ሲሆን፣ በእርሱ 645 ያገኘ ሰው፣ ከተፈታኞች መካከል በሚይዘው ደረጃ፣ በድሮው 700 ካገኘው ጋር የሚተካከል ነው። ይህን ሳያውቁ በ655 የሚያለቅሱ ልጆች አሉ፤ ወላጆቻቸውም አብረው ያዝናሉ። ደግሞም ትምህርት ቤቶቹ የተቀበሏቸውን ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት ሲያሳትሙ፣ ብዙ አንባቢ እርሱን እንደ መግቢያ ደፍ ይቈጥረዋል፤ መካከለኛ ማለት ግን ከገቡት ግማሽ ያህሉ ከዚያ በታች ያገኙ ናቸው ማለት ነው። በሞዴል ፈተና ወደ መካከለኛው የቀረበ ሰው፣ የቀረውን ጊዜ ለማመልከቻ ድርሰቱና ለምስክርነት ደብዳቤዎቹ ቢሰጥ፣ ዐሥር ነጥብ ለመጨመር ሦስት ወር ከሚያጠፋ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያ ሙከራ እንደ መጨረሻ ፍርድ መፈራቱም እንደ ፈተናው ሥርዓት አይደለም። ከ16 ቀን በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥም እስከ አምስት ጊዜ ይፈቀዳል። ተፈታኙ ውጤቱን ካየ በኋላ የትኛውን እንደሚልክ ራሱ ስለሚመርጥ፣ ያልላከው ውጤት ለትምህርት ቤቱ በሚደርሰው ሰነድ ላይ አይታይም። እርግጥ ነው፣ ክፍያው በአሜሪካ ለሚኖር 275 ዶላር ሲሆን፣ በአገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ የፈተና ዶላር መክፈል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ወገን ሁለት ጊዜ ሞክር ማለት ቀላል ምክር አይደለም፤ ስለዚህም ነው በነጻ የሚገኙትን ሁለት ሞዴሎች እንደ ዐይን ብሌን ጠብቆ በሥርዓታቸው እንዲሠራቸው አጥብቄ የምለምነው። ውጤቱ ለአምስት ዓመት የሚያገለግል ስለ ሆነም፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ያልቈየና የሥራ ልምድ ማካበት ገና የሚቀረው ሰው፣ ሒሳቡ ከአእምሮው ሳይጠፋ አስቀድሞ ቢፈተን አይከስርም።

የቀረው የቀኑ ነገር ነው። የታላላቆቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዙር ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፣ ለዘመን መለወጫ ስንሰናዳ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ደግሞ ከገና በፊት ባሉት ቀናት ገደማ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ እኅት በሰኔ የሠራችው ሞዴል ከምትፈልገው በብዙ ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ለመጀመሪያው ዙር እደርሳለሁ ብላ አልተጣደፈችም፣ ተስፋም አልቈረጠችም፤ አልበቃሁም የሚል በቂ መልስ አግኝታለችና። ደብተሯን ከፍታ የቀራትን ቈጠረች፤ የነሐሴውን ዙር ትታ፣ ፈተናውን በጥቅምት አጋማሽ ላይ ቀጠሮ አስያዘች፤ ቢያስፈልግ ከ16 ቀን በኋላ በኅዳር መጀመሪያ ልትደግመው፣ ድርሰቶቿንም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ተረጋግታ ልትጽፍ የሚበቃ ጊዜ እንዲኖራት አድርጋ ነው።