ካምቤል በደሳ የገባ ጊዜ

ዛሬ ወሬያችን ኳስ ነው። "ሴቶች ደግሞ ስለ ኳስ ምን…" ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ ወንድሞች ካላችሁ፣ መልሳችሁ ግጠሙት። አግዳሚ ወንበሩን ከእናንተ ቀድመን የያዝነው እኛ ነን። እኛ ማለት የበደሳ ልጆች፣ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ። ከመሃላችን ጋዜጠኝነት የተመረቀችው ትጽፋለች፣ የቀረነው ከጀርባዋ ቆመን እናርማታለን። (እስካሁን ሁለት ቅጽል አስጠፍተናታል።)

በደሳን ለማታውቁ፣ ከጭሮ፣ ማለትም ከድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ ወደ ገለምሶ ስትሄዱ የምታገኟት ከተማ ናት። ቡናና ጫት ይወጣባታል። የሚገባባትን በኋላ እንነግራችኋለን።

እናላችሁ ከመሃላችን የአንዷ አጎት ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ነበረው። ቤት ስንል ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ስምንት አግዳሚ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን። መግቢያ ሁለት ብር። ሴት ልጅ እዚያ መግባት የተለመደ አልነበረም፤ እኛ ግን "ገንዘብ ተቀባይ" በሚል ሰበብ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ኋላ እንቀመጣለን። አጎታችን ሰው አይቀጥርም፣ እኛ አንከፍልም። አርሴናልን ያገኘነውም እንደ ደብተር ቦርሳ ከታላላቅ ወንድሞቻችን ወርሰን ነው። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ እኛ የስድስት ዓመት ልጆች ነበርን። ወሬውን እንጂ ዋንጫውን አላየንም።

ጥር 2002 ላይ ነን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2010። (ከዚህ በኋላ የኳሱን ዓመት በፈረንጅ እንቆጥራለን፤ ሊጉ የእነሱ ነው።) እኛ አሥራ ሁለት ዓመታችን፣ ስድስተኛ ክፍል። አርሴናል ከ2005 ወዲህ ዋንጫ አላየም። አዴባዮርንና ኮሎ ቱሬን ማንቸስተር ሲቲ በክረምቱ ወስዶብናል። ቫን ፐርሲ ለአገሩ ሲጫወት ተጎድቶ ተኝቷል። ታዲያ የዝውውሩ መስኮት ሲከፈት ኳስ ቤቱ በሙሉ አጥቂ ይጠብቃል። አንዱ "ስሙን አልናገርም እንጂ ጨርሰናል" እያለ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰው ሻይ ኖረ።

ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዜናው መጣ። አርሴናል አስፈረመ… ሶል ካምቤልን!

የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው። ተከላካይ ያውም ተጠባባቂ። ሴንዴሮስ በዚያው ወር ለኤቨርተን በውሰት ሊሰጥ ነው፣ ጁሩ ጉልበቱ ታሟል፣ እናም ጋላስና ቬርማለን ሲጎዱ ቀዳዳ የሚደፍን ረጅም ሰው ተፈልጎ ነው። ሰውየው ደግሞ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ኖትስ ካውንቲ ለሚባል አራተኛ እርከን ላይ ላለ ክለብ አምስት ዓመት ፈርሞ፣ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ፣ እሱንም ተሸንፎ ጥሎ የወጣ ነው። ኳስ ቤቱ የሐዘን ቤት ሆነ። የማንቼ ደጋፊዎች "ጡረታ ሚኒስቴር!" እያሉ ሙድ ያዙብን። ከኛዎቹ አንዱ ማሊያውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ጥሎ ሄደ። (ብርድ ስለነበር ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ወሰደው።)

ታላላቆቻችን ግን ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ግማሾቹ በ2001 ከቶተንሃም በነጻ መጥቶ፣ ባላንጣ ክለብ ከድቶ የእኛ የሆነ፣ በ2006 ፓሪስ ላይ ባርሴሎና ላይ በቴስታ ያገባ ጀግና ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ በዚያው በ2006 ዌስትሃም ሃይበሪ ላይ ሲያሸንፈን እረፍት ላይ "በቃኝ" ብሎ ስታዲየሙን ጥሎ የወጣ፣ ለቀናት የት እንደገባ ያልታወቀ ሰው ነው አሉ። ሁለቱም እውነት ነው። ጭቅጭቁ መብራት እስኪጠፋ ቀጠለ።

እኛን ያናደደን ግን ዕድሜው ብቻ አልነበረም። ያኔ አልገባንም፣ አሁን ሲያወሩን ሳይሆን ስናወራው ነው የገባን። በደሳ የሚገባው ነገር በሙሉ አንዴ ሌላ ቦታ የኖረ ነው። አውቶቡሱ የአዲስ አበባን መስመር ጨርሶ ነው ወደ እኛ የሚመደበው። ልብሳችን ሰልባጅ ነው፤ የአርሴናል ማሊያችን እንኳ ጀርባው ላይ የማናውቀው ሰው ስም ነበረበት። መጽሐፉ ሽፋን የለውም። ለንደን ያለው ቡድናችን ብቻ ነበር አዲስ ነገር የሚገዛልን የሚመስለን። እሱም ሄዶ ሰልባጅ ገዛ!

"ዝውውር" የሚለው ቃል ራሱ እኛ ጋ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው፤ መውጫ። አስተማሪ ይዘዋወራል፣ ነርስ ይዘዋወራል፣ ሁሉም ወደ ትልቅ ከተማ። የዚያን ወር ወጣቱ የሒሳብ አስተማሪያችን ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሞባይሉ ካሜራ ያለው፣ ጸጉሩን የሚቀባ፣ የምንወደው። ትምህርት ቤቱ ምትክ ፈልጎ ሲያጣ ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ አስጠራ። የታላላቅ ወንድሞቻችን አስተማሪ፣ ከመሃላችን ደግሞ የአንዷ እናት አስተማሪ የነበሩ። ሙሉ ኮት፣ ባርኔጣ፣ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ጎተት።

በዚያው ሳምንት እሁድ ካምቤል ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ በኤፍ ኤ ካፕ በስቶክ 3 ለ 1 ተሸንፈናል። ያ ዴላፕ የሚባል ሰው ኳስ በእጁ እንደ ድንጋይ ሲወረውር፣ ገና በሁለተኛው ደቂቃ ተቆጠረብን። እኚህ ሰው ክፍል ገብተው ጠመኔ ሲያነሱ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ተሰማ፦ "ካምቤል መጣ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያቺን ቃል የተናገረችው ወይም የተናገረው ከእኛ ከአራታችን አንዱ ነው። የትኛችን እንደሆነ አንነግራችሁም፤ ተስማምተናል።

የካቲት 10 አርሴናል ፖርቶ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ሌሊት ስለነበር ጠዋት ነው የሰማነው። ካምቤል በቴስታ አግብቷል፤ ግን ሁለተኛው ጎል የተቆጠረው እሱ ወደ ኋላ የመለሰውን ኳስ ፋቢያንስኪ በእጁ ይዞ፣ ዳኛው ቅጣት ሰጥቶ፣ ፖርቶዎች ቶሎ ብለው ጀምረው ነው። በዚያው ቀን ቲቸር ሰሌዳ ላይ ክፍልፋይ ሲደምሩ ተሳሳቱ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ፋቢያንስኪ!" አለ።

ቲቸር ዞር ብለው "ይሄ ደግሞ ማነው?" አሉ። ዝም አልን። ከዚያ የኛው ወንድ ልጅ፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቀውም፣ ተነስቶ ሁሉንም ነገራቸው። ካምቤል ማን እንደሆነ፣ አርጅቶ እንደተመለሰ፣ ለምን እንደዚያ እንደምንላቸው። ሳቁ ቀጥ አለ። ቲቸር ስሕተታቸውን በእጃቸው ጠረጉ፣ አስተካክለው ጻፉ፣ ከዚያ፦

"መቼ ነው የሚጫወተው?"

ቅዳሜ፣ የካቲት 20፣ ስቶክ ሜዳ ላይ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል። በራችን ላይ ባርኔጣ ስናይ ከጠረጴዛው ሥር ልንገባ ምንም አልቀረንም። አጎታችን "ኧረ ጋሼ፣ ከእርስዎማ አንቀበልም!" ቢላቸው ሁለት ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ገቡ። አጎታችንም ተማሪያቸው ነበር። ከኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

ኳስ አይመለከቱም ነበር። እሱን ብቻ ነው የሚከተሉት። አንዴ ወደ እኛ ጎንበስ ብለው "አይታችኋል? ሰውየው አይሮጥም። ኳሱ የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ ሄዶ ይቆማል" አሉን። እውነታቸውን ነው። ዴላፕ ይወረውራል፣ ካምቤል እዚያ ነው። እንደገና ይወረውራል፣ እዚያው ነው። የወር በፊቱ ቡድን አይደለም። እሱ ግን ያው ነው፣ ያው ሠላሳ አምስት ዓመቱ።

ከዚያ የራምሴ እግር ተሰበረ። ያየ ያውቀዋል፣ ላላየ አንገልጸውም። ቤቱ ውስጥ የነበረው ጩኸት በአንዴ ጠፋ፤ ማንቼዎቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ። ቲቸር ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጨዋታው 3 ለ 1 በእኛ አሸናፊነት አለቀ፤ ማንም አልጨፈረም። ጎዳናው ጨለማ ስለነበር በባትሪያቸው እያበሩ እኛን ሴቶቹን አንድ በአንድ ቤታችን አደረሱን። በመንገድ ላይ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

ሌላ ምንም ሳይናገሩ በሩ ድረስ ሄድን።

እዚህ ላይ "ከዚያ ቀን ጀምሮ አከበርናቸው" ብንላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላደረግነውም። ቅጽል ስሙ ትምህርት ቤቱን አዳረሰ፣ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ገበያ ገባ። ባለቤታቸው ሽንኩርት ሲገዙ "የካምቤል ሚስት" ሲባሉ በጆሯችን ሰምተናል፤ ሰምተንም ስቀናል። ክፍልፋይ ግን ያወቅነው በእሳቸው ነው። ሰኔ ላይ ጨረሱ። ካምቤልም በክረምቱ ወደ ኒውካስል ሄደ። መስከረም ላይ አዲስ ወጣት መምህር ተመደበ፣ እሳቸውን ሸኝቶ "እናመሰግናለን" ያለ ሰው እንደነበረ ግን አናስታውስም።

ዓመታት አለፉ። አንዷ ጭሮ፣ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ ወንዱ ልጅ ሚኒያፖሊስ። በቴሌግራም ነው የምንገናኘው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2023፣ አርሴናል ሊጉን እየመራ፣ የብራይተኑን ካይሴዶ ስንጠብቅ፣ ክለቡ ከቼልሲ ጆርጂንሆን አመጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት፤ ለአማካይ ቦታ መጠባበቂያ። ግሩፑ ውስጥ የጻፍነውን ብናሳያችሁ ጋዜጠኛዋ ሥራ አታገኝም። "ሰልባጅ"፣ "ጡረተኛ"፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንደሆንን ነበርን። የሚኒያፖሊሱ ልጅ ግን አዲስ ሃይማኖት ይዟል፣ ቅርጫት ኳስ። "አቦ ተረጋጉ! እኛ ጋ ይሄ የተለመደ ነው" አለ። ቲምበርዎልቭስ በ2015 ኬቨን ጋርኔትን መልሶ እንዳመጣው ነገረን። በ1995 በልጅነቱ የጀመረበት፣ በ2007 ወደ ቦስተን ሄዶ ዋንጫ ያነሳ ቁመታም ሰው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ተመልሶ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ከመጣው ከታዳጊው ካርል አንቶኒ ታውንስ ጎን ቆመ። "ጥቂት ጨዋታ ነው የተጫወተው፤ ታዲያ ልጁ ቦታ አያያዙን ከማን ይማር?" አለ።

ማንም አልመለሰለትም። ፌብሩዋሪ 18 ቪላ ፓርክ ላይ 2 ለ 2 ሆነን፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ፣ ጆርጂንሆ ከርቀት መታት። ብረቱን ነካ፣ ተመልሶ የበረኛውን የማርቲኔዝን ጭንቅላት ነካ፣ ገባ። 4 ለ 2 አለቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ግሩፑ ይቃጠል ነበር። የጭሮዋ ልጅ ግን አንዲት መስመር ብቻ ጻፈች፦ "ቲቸር በሕይወት አሉ?"

አሉ። ከዚያ በኋላ በመጣው በዓል ሦስታችን በደሳ ተገናኝተን፣ ስኳርና ቡና ይዘን ሄድን፤ የሚኒያፖሊሱ በቪዲዮ። ይቅርታ ልንጠይቅ ነው። ማን እንደሚጀምር መንገድ ላይ ዕጣ ተጣጥለናል። ባርኔጣቸው ያው ነው፣ እግራቸው ከድሮው ይበልጥ ይጎተታል። ገና "ጋሼ፣ ያኔ…" ስንል አቋረጡን።

"ያ ሰውዬ ስንት ጨዋታ ተጫወተ?"

"የቱ ሰውዬ?"

"ካምቤል ነዋ! እኔ በነበርኩበት ዓመት።"

ተያየን። በሊጉ አሥራ አንድ ነው አልናቸው።

"ከስንት?"

"ከሠላሳ ስምንት።"

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "ሃያ ዘጠኝ ከመቶ፣ ትንሽ ጎደል ብሎ" አሉ። "አረጋግጡ እስቲ።"

አንዳችን ስልክ አወጣን። 28.9።