ለአስታማሚው ልጄ



ነገ ሌሊት ከደሴ ተነሥታችሁ ለሚስትህ የጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ። ስሸኛችሁ እንባዬ ይቀድመኛል እንጂ የምፈልገውን እንደማልናገር ስለማውቅ ጻፍኩልህ። ደብዳቤው ከሚስትህ የሚደበቅ አይደለም፤ መንገድ ላይ ለእሷም አንብብላት።

ከሁሉ በፊት የምለምንህም እሱኑ ነው፤ ምንም ነገር አትደብቃት። ነርስ ሆኜ ስሠራ አንድ ባል ዋርዱ በር ላይ ጠብቆ «ሲስተር፣ አደራ እሷ እንዳትሰማ፤ ከሰማች ተስፋ ትቆርጣለች» አለኝ። ገብቼ ግሉኮሷን ስቀይር ሚስቱ እጄን ያዝ አድርጋ «እኔስ አውቄዋለሁ፤ እሱ እንዳይሰማብኝ፣ አንጀቱ አይችልም» አለችኝ። ሁለቱም በየፊናቸው ያለቅሳሉ፤ ሲገናኙ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቹ ዩኒፎርም ያወራሉ። አብረው የቀሯቸው ቀኖች እንዲያ አለቁ። እውነቱን ሰምቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ብዙም አላየሁም፤ ብቻውን ይዞት ሲጨነቅ ግን ስንቱን አየሁ።

እኛ አገር መርዶ በንጋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ይህ መርዶ አይደለም። ሐኪሙ ሲናገር ሁለታችሁም አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስሙት። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቃት፤ «ዛሬ አልሰማም» ካለችም ተዋት፣ የራሷ ጉዳይ ነው።

የጡት ካንሰሩ ወደ አጥንት ስለተሰራጨ «አራተኛ ደረጃ» ይሉታል። ፈጽሞ ነቅሎ ማውጣቱ የሚጠበቅ አይደለም። ቢሆንም በዚህ ደረጃ ላይ ሆነው፣ በተለይ አጥንት ላይ ብቻ ሲሆን፣ በሕክምና ዓመታት የኖሩ ሴቶች አሉ። ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ እንደ ታሞክሲፈን ያለ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ይታዘዛል፤ የናሙናውን ውጤት ይዘህ የእሷ የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። ጨረሩ ለአጥንቱ ሕመም ነው፤ አንዳንዴ አንድ ቀን ብቻ ተሰጥቶ ይበቃል። ሕመሙ ቀስ እያለ፣ በቀናትና በሳምንታት ነው የሚቀለው፤ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ሊብስባት ይችላል። ያኔ ጨረሩ ጎዳት ብለህ እንዳትደነግጥ።

ስለ ሞርፊን ደግሞ በደንብ ስማኝ። በጠርሙስ፣ ሽሮፕ ሆኖ ሊሰጣችሁ ይችላል። አንዱ ስሙን ሲሰማ «በቃ፣ አለቀላት» ይላል፤ ሌላው «ሱስ ይሆንባታል» ይላል። ሁለቱንም አትስማቸው። ሐኪም ለካንሰር ሕመም መጥኖ ያዘዘው ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። በየ4 ሰዓቱ ከተባለ ሌሊትም ቢሆን ሰዓቱን ጠብቀህ ስጣት፤ ሕመሙ እስኪነሣ አትጠብቅ፣ አንዴ ከበረታ መመለሱ ይከብዳል። አንድ ደብተር ግዛና ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ሕመሟም ከ10 ስንት እንደሆነ እየጠየቅህ ጻፍ። ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝላት ጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልታንቀላፋ ትችላለች፤ ለመቀስቀስ ካስቸገረች ግን ፈጥነህ ለሐኪም ንገር። አዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል፣ የሕሙማንን ስቃይ ማስታገስ ሥራው የሆነ ድርጅት አለ፤ ከተማው ውስጥ ከቆያችሁ ጠይቃቸው። የምታርፉበት የእህትህ ቤት ከጠበባችሁም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ይሰጣል።

እግሯ በድንገት ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንቷንም መቆጣጠር ካቃታት እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ዕጢው ሕብለ ሰረሰሯን ተጭኖት ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ከተደረሰበት እግሯ ሊተርፍ ይችላል። ኬሞ ከጀመረች ደግሞ ሙቀቷ 38 ሲደርስ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዳት።

ምግብ እንቢ ስትል «ብይ፣ ብይልኝ» እያልክ አታስጨንቃት። ትንሽ አጥሚት፣ ትንሽ ሾርባ፣ ባሰኛት ሰዓት። ወንድ ነኝ ብለህ ከጓዳ አትራቅ፤ ገላዋንም አንተ እጠባት፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያሳፍራት አውቃለሁ። ጠበሏን ትጠመቅ፣ እኔም እዚህ ገብርኤልን እለምናለሁ፤ ኪኒኗን ግን ማንም ምንም ቢላት እንዳታቋርጥ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷ ይፈቱላታል።

ጠያቂ ይበዛባችኋል። አብዛኛው በፍቅር ነው የሚመጣው፤ አልጋዋ ሥር ተቀምጦ «እገሊትንም የገደላት ይኸው ነው» የሚል ግን አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሳሎን ተቀብለህ፣ ቡና አጠጥተህ ሸኘው። ክብሩን አልነካህም፤ ሚስትህን ጠበቅህ።

ተስፋ ስልህ «ትድኛለሽ፣ ምንም አትሆኝም» እያልክ አፏን አስይዛት ማለቴ አይደለም። ምን እንደምትመኝ ጠይቃት። አንድ ቀን መዳንን ትልሃለች፤ አብረሃት ተመኝ። ሌላ ቀን የትልቋን ልጇን የ8ኛ ክፍል ውጤት ማየት፣ ወይም ሳያማት ተኝታ ማደር ብቻ ትልህ ይሆናል፤ ያን ጊዜ «ለምን ይህን ብቻ?» አትበላት። የጠራችውን ነገር ያዝና እንዲሆንላት ድከምላት። ስለ ሞት ማውራት ከፈለገችም ወሬ አታስቀይራት፤ ተስፋ ቆርጣ ላይሆን ይችላል፣ ስለ ልጆቹ አደራ ልትሰጥህ ፈልጋ ይሆናል።

አንተም ተኛ። እህትህ በሳምንት ሁለት ሌሊት ትተካህ፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ። ማልቀስ ሲመጣብህ አልቅስ፣ ሚስትህ ፊትም ቢሆን።

ልጆቹ እናታቸው በጠና መታመሟንና ለሕክምና መሄዷን ከእኔ ሰምተዋል። ትንሹ «መቼ ትመጣለች?» አለኝ፤ ሐኪሙ ቀኑን ሲነግረን እነግርሃለሁ አልኩት። ማታ ማታ ሳይተኙ ደውሉላቸው። የጨረሩ ቀን ሲቆረጥ አሳውቀኝ፤ ጡረታዬን ስቀበል የመድኃኒቱን እልካለሁ።

እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።

እናትህ