ልጅ ያቦካው ቀን

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ለቤት ሥራና ለቁም ነገር እውነት መሆኑን ማንም አይክደውም። ይሁን እንጂ በዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሊጡን የሚያቦካው ልጁ ራሱ ሆኖ፣ ቤተ ሰቡም የተቦካውን በደስታ የሚቀምስበት ጊዜ ቢኖር መልካም ነው ብለን እናምናለን። ሰሞኑን በቤታችን የምንመካከርበት ጉዳይም ይኸው ነው፤ ይኸውም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጃችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ዲዝኒላንድ ወደሚባለው ታላቅ የመጫወቻ ሥፍራ ስለ መውሰድ ነው።

የምንኖረው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም ሳንርቅ ነው። ከእኛ አንዱ በሌሊት፣ ሁለተኛው በቀን ስለሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ የምንገናኘው በደጃፍ ላይ ልጁን ስንቀባበል ነው። የልጁ አያትም የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከጎንደር መጥተው አብረውን ሰንብተዋል፤ በሚመጣው ወር መጨረሻ ግን ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ዕድሜያቸውና የመንገዱ ርዝመት ሲታሰብ፣ አያትና የልጅ ልጅ እንደገና መቼ እንደሚገናኙ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እንግዲህ አራታችንም አብረን የምንውልበትን አንድ ቀን መፈለግ ለእኛ የመዝናናት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ክርክራችን መሄዱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነበር። አንዳንድ ወዳጆቻችን «ልጁ ምንም አያስታውስም፤ አምስት ዓመት እስኪሞላው ቆዩ» ሲሉ መከሩን። በርግጥ ሰው ካደገ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ያየውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ እንደማያስታውስ የታወቀ ነው። ነገር ግን ልጃችን ባለፈው ዓመት የጠጣውንም ወተት አያስታውሰውም፤ ወተቱ ግን አጥንት ሆኖታል። በአያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ የሳቀው ሣቅስ እንዲሁ በውስጡ አይቀርምን? ደግሞም ማስታወስ የእርሱ ብቻ ዕዳ አይደለም። አያቱ ያስታውሳሉ፤ እኛም እናስታውሳለን። ሲያድግም እንነግረዋለን።

ከዚህም ሌላ ለኪሳችን የሚስማማ ምክንያት አለ። በዚያ ሥፍራ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያለ ቲኬት ይገባል። የአዋቂው መግቢያ ዋጋ እንደ ቀኑ የሚለያይ ሲሆን፣ የሦስታችን ሲደመር በየወሩ ወደ አገር ቤት ከምንልከው ገንዘብ ጋር የሚስተካከል ነው። ስለዚህ ወጪውን በአንድ ጊዜ ከማውጣት ይልቅ፣ ከየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀነስን በአንድ ፖስታ ውስጥ ማስቀመጥ ጀምረናል። ለአገር ቤት የሚላከው አይነካም። ይህን አስቀድመን ተስማምተናል።

ዲዝኒላንድ አናሃይም በተባለችው ከተማ፣ ከሰፈራችን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ አሳቡ እንዴት እንደ መጣለት ሲናገር፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹ ግሪፊዝ ፓርክ በሚባለው መናፈሻ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ሲጫወቱ፣ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቃቸው እንደ ነበር ያወሳ ነበር። ያን ጊዜ ወላጆችና ልጆች አብረው የሚደሰቱበት ሥፍራ ሊኖር ይገባል ብሎ አሰበ። ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ ለራሳችን አንድ ደንብ አወጣን፤ ይኸውም ልጁ ሲጫወት እኛ በስልካችን ፎቶግራፍ የምናነሳ ተመልካቾች ብቻ እንዳንሆን ነው። ለዘመድ የሚላክ ፎቶግራፍ ጠዋት በበሩ አጠገብ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ በቦርሳ ይገባል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ምን እንደምናይ ማቀድ ሳይሆን፣ ምን እንደምንተው መወሰን ሆነ። የልጃችንን ቁመት በግድግዳው ላይ ለካን፤ 90 ሴንቲ ሜትር ነው። በጨለማ ውስጥ በፍጥነት የሚወነጨፈው ስፔስ ማውንቴን ቢያንስ 102 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠይቃል፤ በተራራ አምሳል የተሠራው ማተርሆርን 107፣ ኢንዲያና ጆንስ የተባለው ደግሞ 117 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። እነዚህ ሁሉ ከሰሌዳችን ተሰረዙ። ወላጆች እነዚህን ማየት ቢፈልጉ መላ አለው፤ አንዱ ገብቶ እስኪወጣ ሌላው ልጁን ይዞ ይቆይና፣ በኋላ ሰልፉን እንደ አዲስ ሳይጀምር በተራው እንዲገባ ይፈቀድለታል። እኛ ግን በዚህ ጉዞ ይህን ላለመጠቀም ወሰንን። ዓመቱን ሙሉ በደጃፍ ላይ ልጅ ስንቀባበል የከረምን ሰዎች፣ በዚያች በአንዲት ቀን እንኳ ሳንቀባበል ብንውል ይሻላል።

ለልጃችን የቀሩለት ጥቂት ናቸው፤ ለእርሱ ግን ብዙ ናቸው። ከ1955 ጀምሮ ያለው የሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ፣ በዚያው ዓመት የተከፈተው ዱምቦ የተባለው የሚበር ዝሆን፣ ሥፍራውን የሚዞረው ባቡር፣ እንዲሁም በጀልባ ተቀምጠው የልዩ ልዩ አገር ሕፃናትን የሚመስሉ አሻንጉሊቶች እያዩ የሚያልፉበት ቤት ናቸው። ይህ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ከታየ በኋላ፣ በ1966 ወደ ዲዝኒላንድ የተዛወረ ነው። ከአራቱ ሁለቱን ብቻ ብናይ ሙሉ ቀን ነው እንላለን። ምናልባትም ልጁ ሁሉን ትቶ በውኃው ዳር ያሉትን ዳክዬዎች ሲያሳድድ መዋል ቢመርጥ፣ «ለዳክዬማ ይህን ያህል መክፈል ምን አስፈለገን» የሚል ቃል ከማናችንም አፍ እንዳይወጣ ተማምለናል።

ስለ ሰዓቱም ብዙ ተከራክረናል። ከእኛ አንዱ «ይህን ያህል ገንዘብ ከከፈልን በሩ ሲከፈት ገብተን ሲዘጋ እንውጣ» የሚል አሳብ ነበረው። ሌላው ግን የልጁን እንቅልፍ አነሳ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃን የቀኑ ሸለብታ ጭምር ተቆጥሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ያህል ሊተኛ ይገባዋል። ልጃችን በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ዓይኖቹን ማሸት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ንጉሥም ቢመጣ አይሰማም። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ገብተን እስከ 6 ሰዓት ተኩል እንጫወታለን፤ ከዚያም ምሳ በልቶ በጋሪው ውስጥ ጥላ ሥር ይተኛል። ጋሪው ከ79 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ132 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንዳይበልጥ ደንብ ስላለ፣ የእኛን ለክተን አልፏል። ልጁን ለማጠብና የሽንት ጨርቁን ለመለወጥ፣ ወይም ጡት ለማጥባት የተዘጋጀ ቤትም በውስጡ ስላለ፣ የት እንዳለ ከካርታው ላይ አስቀድመን ምልክት አድርገንበታል። ከእንቅልፉ ሲነሳ ደስ ካለው ጥቂት እንቆያለን፤ ካለቀሰ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። የማታውን ርችት አናይም። ድምፁ ልጁን ያስደነግጠዋል፤ ሰዓቱም የእርሱ አይደለም።

ቀኑን ለመምረጥ ደግሞ የአያቱን ጾም ማሰብ ግድ ነበር። ለሁለታችን ሥራ የሚስማማው ረቡዕ ቢሆንም፣ እርሳቸው ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾሙ፣ በፀሐይና በሰልፍ መካከል እህል ውኃ ሳይቀምሱ እንዲውሉ ማድረግ ደግ ሥራ አይሆንም። ጾሙን ፍቱልን ብሎ መጠየቅም አይገባም። ስለዚህ ማክሰኞ እንዲሆን ተስማማን፤ ለዚህም ሲባል ከእኛ አንዱ ከሥራ ባልደረባው ጋር ተራ ተለዋውጧል። ማክሰኞ ከሰንበት ይልቅ ሕዝብ ሊቀልበት ይችላል የሚል ተስፋም አለን። ምግብ ከቤት ይዞ መግባት የተፈቀደ ነው፤ የተከለከለው የጠርሙስ ዕቃና እዚያው ማሞቅ የሚያስፈልገው ምግብ ነው። አያቱም ዳቦ ቆሎውን ራሳቸው ሊጠብሱ፣ ለልጁም የሚወደውን ፍርፍር በላስቲክ ሣህን ሊያዘጋጁ ቃል ገብተዋል።

ልጁን ራሱን ማዘጋጀትም ያስፈልጋል። በዚያ ሥፍራ ትልልቅ ጭምብል ያጠለቁ፣ የተረት እንስሳትን የሚመስሉ ሰዎች ይዘዋወራሉ። አዋቂ የሚስቅበት ነገር ለሁለት ዓመት ሕፃን አስደንጋጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ማታ ማታ ሥዕላቸውን እያሳየን «ይህ ሰው ልብስ ለብሶ ነው» እያልን እንነግረዋለን። ከሸሸም እቅፍ ግባ ብለን አንገፋውም። በቤታችን እንግዳ ሲመጣ ልጁ ሳም ተብሎ ሲገደድ የሚሆነውን ሁሉ አይተናልና። ተራ መጠበቅን ደግሞ በሰፈራችን እናለማምደዋለን። ቅዳሜ እንጀራ ልንገዛ ወደ ፌርፋክስ ስንወርድ፣ ሰልፉ ሲረዝም ሌላ ጊዜ ለእርሱ ስልክ እንሰጠው ነበር፤ አሁን ግን አያቱ እንቆቅልሽ ይነግሩታል። «ምን አውቅልህ» ማለትን ለምዷል፤ መልሱን ግን እስከ ዛሬ አንድ ጊዜም አላወቀም።

ከሁሉ የሚያሳስበን የመጥፋት ነገር ነው። አያቱ ስለዚህ ሲነሳ፣ በወጣትነታቸው ለጥምቀት አዲስ አበባ መጥተው ሳለ፣ በጃን ሜዳ ሕዝብ መካከል የልጃቸውን ቀሚስ ከነጠላቸው ጫፍ ጋር ቋጥረው እንደ ዋሉ አጫወቱን። እኛም የዘመኑን ቋጠሮ አዘጋጅተናል። የሁለታችን የስልክ ቁጥር በልጁ ክንድ ላይ በሚታሰር ጨርቅ ተጽፏል፤ ልብሱም ከሩቅ የሚታይ ቢጫ ይሆናል። የጠዋቷ ፎቶግራፍም ያን ቀን ምን እንደ ለበሰ ታሳያለች። ስሙን በደረቱ ላይ የለጠፈ ሠራተኛ ሲያይ እንዲጠጋ፣ የአባቱንና የእናቱንም ስም እንዲናገር እያስተማርነው ነው። «አባትህ ማን ይባላል?» ሲባል እስካሁን የሚመልሰው «አባዬ» ብሎ ነው፤ ቢሆንም ጊዜ አለን።

አንድ የቀረ ነገር የአያቱ ጉልበት ነበር። ሥፍራው ሰፊ፣ መንገዱም ብዙ ስለሆነ፣ በመግቢያው አጠገብ የሚከራየውን ተሽከርካሪ ወንበር እንድንይዝላቸው ብንጠይቃቸው ተቆጡ። «እኔ ላሊበላን በእግሬ የተሳለምኩ ሴት በጋሪ ልገፋ?» አሉን። «እማማ፣ ልጁም እኮ በእግሩ መሄድ ይችላል፤ በጋሪ የምንወስደው ቀኑ እንዲረዝምለት ብለን ነው። እርስዎም ቀኑ እንዲረዝምልዎ ነው» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲያስ እንደ እሱ አድርጉኝ» አሉ።

ከዚህ በኋላ እቅዳችንን በአጭር ወረቀት ጽፈን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍነው። በላዩ ያሉት መስመሮች አምስት ብቻ ናቸው፤ ማክሰኞ እንሄዳለን፤ ሁለት ነገር እናያለን፤ ልጁ ሲርበው እንበላለን፤ ሲደክመው እናርፋለን፤ ገና ደስ ብሎት ሳለ እንመለሳለን። የመጨረሻው መስመር ለመጻፍ ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከባድ እንደሚሆን እንገምታለን። ገንዘብ የተከፈለበትን ነገር ሳይጨርሱ መነሳት፣ ድግስ ሳያልቅ ከማዕድ እንደ መነሳት ነውና። ነገር ግን ደስታውን ሳያንጠፈጥፍ የተመለሰ ልጅ ሌላ ጊዜ እንሂድ ይላል፤ እያለቀሰ የተጎተተ ልጅ ግን የሚያስታውሰው ቢኖር ለቅሶውን ነው።

እናንተም ውድ አንባቢዎቻችን፣ በየምትኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ቀን ስታዘጋጁ፣ ሥፍራው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ መለኪያው የልጁ እግር ርዝመት መሆኑን አትርሱ። ለልጅ የሚገዛለት ነገር ብዙ ነው፤ በዚህ አገር ለምንኖር ግን እናት፣ አባትና አያት በአንድነት፣ ማንም ሰዓቱን ሳያይ አጠገቡ የሚውሉበት ቀን ከሁሉ ይልቅ ውድ ነው። እርሱንም ከእንቅልፋችን ቆጥበን፣ ከባልደረባ ተበድረን አግኝተነዋል። የአያቱ ሻንጣ ከአሁኑ በጓዳው ጥግ ቆሟል፤ ልጁም በየማለዳው እየሄደ ይቀመጥበታል፤ ባቡር ነው ይላል።